የውርንጭላይቱ እናት

ምህረት ከእንቅልፏ የነቃችው እናቷ አክስቷን «ሌባ» ስትል ሰምታ ነው። ድምፁ የመጣው ከጓዳው ግድግዳ ማዶ ነበር፤ የግድግዳው ጭቃ ተፈርፍሮ ማገሩ ብቻ ስለቀረ ሴቶች ምድጃ ዳር የሚሾካሾኩት ሁሉ አልጋው ድረስ ይደርሳል። «እህቴን ሌባ ለማለት አፌ አይደፍርም ነበር» ትላለች እናቷ ሐረግ ለጎረቤቷ ለየሺእመቤት። «ግን አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ፣ በመሣሪያ ታይቶ፣ ውርንጭላዋ የፈረስ ልጅ ናት ከተባለ እኔ ምን ልበል? ሌባ ናት እንጂ! በምን ዓይኔ ነው ከእንግዲህ ሰው ፊት የምቆመው?» የሺእመቤት ከንፈሯን መጠጠች። «ሀዘን እኮ ነው፤ ሀዘን ያልሆነውን ያስደርጋል» አለች። ምህረት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያየች ተጋደመች። ትናንት አመሻሽ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትገባ እናቷ እግሯን አጥባ፣ ሽሮ አብልታ ስታስተኛት ስለ አክስቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ስትነሳም አላነሳችባትም። ሻይ ቀዳችላት፤ እሷ ጾመኛ ስለሆነች ለልጇ ብቻ አምባሻ ቆረሰችላት። ስኳር በሸማቾች ማህበር ወረፋ ካልሆነ እንደማይገኝ፣ ጤፍ ከገና ወዲህ እየናረ መሄዱን፣ በዚህ የበልግ ዝናብ የደጎሎ መንገድ ሳይቆረጥ እንደማይቀር አወራችላት። ምህረት «እህ» እያለች ጠጣች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብርጭቆውን ስታነሳ፣ እናቷ ጀርባዋን እንደሰጠቻት «ዛሬ ቀበሌ ትገቢያለሽ መሰለኝ» አለች።

«እገባለሁ።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«እዚያው ትሰሚያለሽ፣ እማዬ።»

ሐረግ ብርጭቆውን አጠበች፤ ከዚያ ያልቆሸሸውንም አንስታ አጠበች።

ሐረግና ራሕማ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሐረግ አባት ክርስቲያን፣ የራሕማ አባት ሙስሊም ነበሩ። በመካነ ሰላም ይህ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም። እህትማማቾቹ በዓል በመጣ ቁጥር አንዷ ለሌላዋ እንግዳ ለብቻ እያረደች፣ ልጅ በታመመ ቁጥር አንዷ ስለት አንዷ ዱአ እየያዘች አብረው አርጅተዋል። ሐረግ ምህረትን እንደተገላገለች ታማ ስትወድቅ፣ ራሕማ የራሷን ልጅ ዙሀራን በአንድ ጡት፣ ምህረትን በሌላው ይዛ አሳደገች። ምህረት አፏን ከፈታች ጀምሮ የምትጠራት «እማ ራሕማ» ብላ ነው። ዙሀራና ምህረት እስከ አሥረኛ ክፍል በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ አንዷ ለዩኒቨርሲቲ አለፈች፤ አንዷ ፓስፖርት አወጣች።

ሳውዲ ሰዉን እያባረረች በነበረበት በዚያ ህዳር፣ ራሕማ በየቀኑ መናኸሪያ ትቆም ነበር። ከወረኢሉ በኩል አውቶቡስ በገባ ቁጥር አንድ ፌስታል አንጠልጥለው የሚወርዱትን ልጆች አንድ በአንድ ታያለች፤ ዙሀራ የለችም። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው የሴት ድምፅ፣ ዙሀራ ከፎቅ ወድቃ መሞቷንና እዚያው መቀበሯን ነግሯት ዘጋ። ራሕማ ጩኸቷን ለቃ ወደ ደጅ ስትወጣ በረቱ ውስጥ፣ ከዳማዋ በቅሎዋ ሆድ ሥር፣ ገና ያልደረቀች ውርንጭላ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ግማሹ ሟቿን ሲያለቅስ ግማሹ በረቱን ከቦ ቆመ። በቅሎ አትወልድም። ከወለደች ግን የዘመን ማለቂያ ነው፤ የወለደችበት ቤትም ሰው ይጎድልበታል። ሽማግሌዎች ውርንጭላዋን ገደል ስለመስደድ መነጋገር ጀምረው ነበር። ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖረው የእህል ነጋዴ ደሳለው፣ ከፈረስ ያረገዘችው ባዝራው በዚያው ሳምንት ወልዳ ውርንጭላዋ ከበረት ስለጠፋችበት፣ መጥቶ አይቶ «ይቺማ የኔ ናት» አለ። ነገሩ ከገደል ወደ ቀበሌ የዞረው ያኔ ነው።

ምህረት ያኔ የመጣችው ለለቅሶ ነበር። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በፍቃዱ ለምኖ ለምኖ ከበቅሎዋም ከውርንጭላዋም ጆሮ ጫፍ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅንጣት እንድትቆርጥ አደረጋት። ራሕማ ያኔ የውርንጭላዋን አንገት አቅፋ የያዘችው ራሷ ናት። «ለቅሶ መጥታ ከለቀስተኛ ቤት ሥጋ ቆርጣ ሄደች» ተብሎ ከኋላዋ ተወራ።

አዲስ አበባ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ እነዚያ ቅንጣቶች ቀይ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው፣ በሰውነት ሙቀት ልክ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው አደጉ። ህዋሶቹ ከጠርሙሱ ወለል ተጣብቀው፣ እየተከፈሉ እየበዙ፣ ጠርሙሱ ሲጠባቸው ወደ ሌላ እየተዛወሩ ሰነበቱ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀጫጭን ናቸው፤ ነፋስ እንዳጋደመው ገብስ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። የበቅሎ ህዋስ ከባዝራ እናቷም ከአህያ አባቷም የወረሰችውን ዘረመል ይዛለች። አንዱ ዘረመል የሚያሠራው ኢንዛይም የፈረሱና የአህያው ጥቂት ይለያያል፤ በኤሌክትሪክ ሲነዱ የተለያየ ቦታ ላይ መስመር ሠርተው ይቆማሉ። የውርንጭላዋ ህዋሶች አንድ ላይ ተፈጭተው ሲታዩ የወጣው የፈረሱ መስመር ብቻ ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ወዲያው ስልክ አንስቶ ለበፍቃዱ «የፈረስ ልጅ ናት» አለው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማ።

ምህረትን ግን አንድ ነገር ዕረፍት ነሳት። ያ ዘረመል ያለው ሴት ከእናትም ከአባትም በምትወርሰው ክሮሞሶም ላይ ነው። በሴት ህዋስ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ዝም ይላል። በበቅሎ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም የሚለው የአህያው ነው። የአህያው የሚሠራባቸው ጥቂት ህዋሶች ቢኖሩ እንኳ ከብዙዎቹ ጋር ሲፈጩ ተውጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ህዋሶቹን ለያይታ እያንዳንዷን ለብቻዋ አሳደገች፤ ከአንዷ የተራባውን ከሌላዋ ጋር ሳትቀላቅል መረመረች። አብዛኞቹ የፈረሱን አወጡ። ጥቂቶቹ ግን የአህያውን ብቻ አወጡ፤ ደማቅ፣ የማያጠራጥር መስመር። ከፈረስና ከፈረስ በተወለደች ውርንጭላ ውስጥ ይህ ከየትም አይመጣም። ደግማ ሠራችው፤ ያው ሆነ። ውርንጭላዋን የወለደቻት በቅሎዋ ናት። ለኃላፊዋ ገና አልተናገረችም። ህዋሶቹን እንድትመግብላት ለባልደረባዋ ለእሌኒ አደራ ብላ፣ የአክስቷን ስም ከስርቆት ላነጻ ብላ፣ ቀበሌው ፍርድ የሚሰጥበት ቀን ሳያልፍ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የገበያ ቀን ነበር። ከከላላ በኩል የመጡ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ባሕር ዛፎቹ ሥር አስረው፣ በጋቢ ተጠቅልለው፣ ከዝናቡ በኋላ የወጣችውን ፀሐይ ይሞቃሉ። ምህረት በመካከላቸው ስታልፍ የሚያውቋት ሰላም አሏት፤ ሰላምታው ረጅም ነበር፣ ጤና ይስጥልኝ ከአሰላሙ አለይኩም ጋር ተቀላቅሎ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ተጠየቀች። «ወዴት ነሽ?» ሲሏት «እማ ራሕማ ዘንድ» ስትል ግን ወሬው እዚያው ላይ ተቆረጠ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዓይኗን ወደ መደቧ መለሰች።

የራሕማ ቤት ግማሽ ጣሪያው አዲስ ነው፤ ዙሀራ በላከችው ብር የተለወጠው። ሌላው ግማሽ የዛገ አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ሊላክ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ዙሀራ ከመሄዷ በፊት የመረጠችው ሶፋ ላስቲኩ ሳይወልቅ ቆሟል። ራሕማ እዚያ አትቀመጥም። ምህረት ያገኘቻት በረቱ ደጃፍ ላይ፣ የታጨደ ሳር እየበታተነች ነው። በቅሎዋ ጆሮዎቿን አቁማ ምህረትን አየቻት። ውርንጭላዋ አድጋለች፤ እግሮቿ ረጃጅም፣ ግንባሯ ጠፍጣፋ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ የተቆረጠበት ቦታ ጠጉር አልባ ሆኖ ይታያል።

«መርሀባ፣ መርሀባ! ያጠባሁሽ ልጄ» አለች ራሕማ፤ ግንባሯን፣ ጉንጮቿን እያገላበጠች ሳመቻት። «ምነው እንዲህ ገረጣሽ? እዚያ አትበዪም?»

ምህረት መቀመጥ አልቻለችም። መንገዱን ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን ቃል ቆማ ተናገረች። «እማ ራሕማ፣ ይስሙኝ። እርስዎ የሰው ገንዘብ አልነኩም። ውርንጭላዋ የበቅሎዋ ልጅ ናት። ራሴ አይቻለሁ፤ ደግሜም አይቻለሁ። የመጀመሪያው ስህተት ነበር። ዛሬ ቀበሌ ገብቼ እናገራለሁ።»

ታቅፈኛለች፣ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። የራሕማ እጅ ሳሩ ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ አጥሩ አየች፤ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለማን ነገርሽ?» አለች።

«እዚህ ለማንም።»

«ለእናትሽስ?»

«ለሷም አልነገርኳትም።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ እንግዲህ እንደያዝሽው ተመለሺ። እንዳትናገሪ።»

ምህረት የሰማችው አልገባትም። ራሕማ ክንዷን ይዛ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ሳሩን ከጭኗ ላይ እየለቀመች፣ እንደ ተራ የቤት ጉዳይ፣ አንድ በአንድ አስረዳቻት። የበቅሎ ልጅ መሆኗ በባለሙያ አፍ ከተነገረ ውርንጭላዋ ውላ አታድርም። ሽማግሌዎቹ በህዳር ቆርጠው ነበር፤ «ደሳለው የኔ ናት ብሎ ባይመጣ እስከ ዛሬ አጥንቷን ጅብ በልቶታል። እሱ ነው ያተረፋት፤ አላህ ይስጠው» አለች። ደሳለው ከወሰዳት ፈረስ ሆና ታድጋለች። ሳር አለው፣ ጉድጓድ ውሃ አለው፣ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔም በአጥር አያታለሁ።»

«እርስዎን ግን ሰዉ ሌባ ይልዎታል!»

«ይበለኝ። የልጄን ሬሳ አላጠብኩ፣ አልገነዝኩ፣ አፈር አላለበስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌባ መባል ምን አላት?»

ውርንጭላዋ መጥታ አፍንጫዋን ራሕማ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ራሕማ ሳትዞር አገጯን ዳሰሰቻት። ከዚያ የተናገረችው ለምህረት አይመስልም ነበር። ሊነጋ ሲል ውርንጭላዋ ደጁ ላይ መጥታ ትቆማለች፣ ኮቴዋ የከብት ኮቴ አይመስልም አለች፤ ነጠላ ጫማ እየጎተተ እንደሚሄድ ሰው ነው። «ዙሀራም እንዲያ ነበር የምትሄደው፣ ስንት ጊዜ እግርሽን አንሺ ብያታለሁ።» ራሕማ በሩን የከፈተችበት ጊዜ አለ፤ ያልከፈተችበትም አለ። «ሰዉ ሌባ ሲለኝ አንዳንዴ እኔም እውነት ይሆን እላለሁ፤ ደስ ይለኛል። የደሳለው ከሆነች፣ ዙሀራን የነካት ነገር ከዚህ በረት አልተነሳም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ መጥተሽ፣ አይደለም፣ እዚሁ ነው የወለደቻት ትይኛለሽ።»

«እማ ራሕማ፣ በቅሎ ስለወለደች ሰው አይሞትም።»

«አውቃለሁ» አለች ራሕማ። «ቀን ቀን አውቃለሁ።»

የቀበሌው አዳራሽ ከእህል መጋዘን የተቀነሰ ክፍል ነው፤ የማሽላ ሽታው አልለቀቀውም። ግድግዳው ላይ ስለ ልማት የተጻፈበት ጨርቅ አንድ ጫፉ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። የማህበራዊ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ አቶ አስናቀው ከሁለት አባላት ጋር ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። አግዳሚዎቹ ሞልተው የተረፈው በሩን ዘግቶ ቆሟል። ሐረግ ከየሺእመቤት ጋር ከኋላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ እህቷ ስታልፍ ቀና አላለችም። ደሳለው ቀድሞ ተናገረ። ባዝራው ወልዳ ውርንጭላዋ በሌሊት መጥፋቷን፣ ጅብ በልቷት ይሆናል ብሎ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር፣ ኋላ ግን አንዲት ውርንጭላ ራሕማ ቤት ተገኘች ሲባል ሄዶ ግንባሯን አይቶ እንዳወቃት ተናገረ። አልጮኸም። «ሀዘንተኛ ናት፤ እስር ይሁንባት አላልኩም። ገንዘቤን ነው የምለው» ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ በፍቃዱ ተነስቶ ከአዲስ አበባ በስልክ የተነገረውን ውጤት አስረዳ። ከዚያ ግን አልተቀመጠም፤ ወደ ምህረት ዞረ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እህታችን ምህረት እዚህ አለች። ያኔ ስንነጋገር ሌላ ምርመራ ልሞክር ነው ብላኝ ነበር። እሱ ምን እንደሆነ ብትነግረን።»

አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። አቶ አስናቀው መነጽራቸውን አውልቀው «ነይ እስቲ ልጄ፣ ወደዚህ ቅረቢ። የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አሏት። ምህረት ተነሳች። ከበሩ ብርሃን ጋር አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል፤ በህዳር ገደል ሲሉ የሰማቻቸው እኚያው ናቸው። ራሕማ ከፊት አግዳሚ ላይ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አጣብቃ መሬት መሬት ታያለች። እውነቱ ምህረት ምላሷ ላይ ነበር። ከእሌኒ በቀር ማንም ያላየው፣ ለወራት የደከመችበት፣ ማንም ሠርቶት የማያውቀው ይመስላት የነበረ። ያን መስመር መጀመሪያ ያየች ዕለት ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ እየዘለለች ስቃ ነበር።

«የሁለተኛውም ውጤት ያው ነው» አለች። «የፈረስ ልጅ ናት። የአህያ ነገር አልተገኘባትም።»

የራሷ ድምፅ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰላት። በፍቃዱ አመስግኖ ተቀመጠ። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ «ተመስገን» ብለው ወጡ፤ ስጋት እንደተነሳለት ሰው ነበር አወጣጣቸው። ፍርዱ አልዘገየም፤ ውርንጭላዋ ዛሬውኑ ለባለቤቷ ትመለስ፣ ራሕማ በሀዘን ላይ ስላለች ቅጣት አይጣልባት፣ ነገር ግን በሕዝብ ፊት ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። ራሕማ ተነስታ ነጠላዋን አደገደገች። «አውፍ በለኝ፣ ደሳለው» አለች። «ያኔ ልቤ በቦታው አልነበረም። ደጅ ስትዞር አገኘኋትና አስገባኋት።» ይህን ያልተጠየቀችውን ጨምራ ስትናገር ምህረት ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላ አንዲት የቅሬ፣ የለቅሶው ዕድር ሴት ጮክ ብላ «እንዲህ አድርገሽ ነው ያስለቀስሽን?» አለች። ማንም ዝም አላሰኛትም።

ሲወጡ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሄዱ። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ ያልተሸጡ በጎች ወደ ቤት ይነዳሉ። የቤቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሐረግ ቆም አለች።

«እንዲያው ሌላ ነገር ይዘሽ የመጣሽ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እንጃ። ሌላ ነገር።» ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ስትገልጠው ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጠዋት ‹እዚያው ትሰሚያለሽ› ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሳፍሪኝ ብዬ ነበር የጠበቅሁሽ። እህትሽን ሌባ ያልሽ አንቺ ነሽ ወይ ብለሽ አፌን ታስይዥኛለሽ ብዬ።»

ምህረት አፏን ከፈተች። ለእናቷ የነገረችው ለየሺእመቤት እንደሚደርስ፣ ለየሺእመቤት የደረሰው ለገበያው እንደሚደርስ ታውቃለች። እናቷን ትወዳታለች፤ ያም ይህን አይለውጠውም። አፏን መልሳ ገጠመች። ሐረግ ጥቂት ጠብቃት «በይ እሺ» ብላ ወደ ቤት ገባች፤ በሩን ግን ለልጇ ገርበብ አድርጋ ተወችው። ምህረት ተከትላት አልገባችም።

ራሕማ ዘንድ ስትደርስ ውርንጭላዋ ተወስዳለች። በቅሎዋ በረቱን እየዞረች፣ ፈረስም አህያም የማይጮኸውን፣ በመሃል የሚሰበር ጩኸት ትጮሃለች። ከደሳለው ግቢ በኩል ቀጭን ጩኸት ይመልስላታል። ራሕማ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ብዙም ሳይቆይ ደሳለው ራሱ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጨበጠው።

«እትዬ ራሕማ» አለ፣ «ሳርም ውሃም አልነካ አለች። ባዝራዬም ረገጠቻት። በቅሎዋን ለዛሬ እንኳ ቢያመጡልኝ። ከለመደቻት… ወተትም ካላት።»

ይህን ሲል ዓይኑ ከምህረት ዓይን ጋር ተጋጨ። እድሜውን ከከብት ጋር ያሳለፈ ሰው ነው፤ ባዝራ ልጇን ስትረግጥ፣ በቅሎ ደግሞ ጡቷ በወተት ሲወጠር አይቷል። «ባዝራዋ ረስታት ይሆናል፤ ወራት አለፈ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። ምህረት «ትረሳለች» አለችው። «አዎ፣ ትረሳለች» አለ ደሳለው። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም እንደማይፈልግ ከአቋቋሙና ከባርኔጣው አጨባበጥ ያስታውቅ ነበር። «እንግዲህ ማታ ማታ ያምጧት። ጡት እስክትጥል። በኋላው በር ይግቡ፤ ሰው አያይም።»

ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ በቅሎዋን ይዘው በኋላው በር ገቡ። ውርንጭላዋ የታሰረችበትን ገመድ እየጎተተች መጣችና ራሷን በበቅሎዋ ሆድ ሥር ቀበረች። በቅሎዋ ጸጥ አለች። ጆሮዎቿ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ወደቁ፤ አንገቷን አዙራ የልጇን ጀርባ አሸተተች። ደሳለው ራቅ ብሎ ጆንያ እያነሳ ያስቀምጣል፤ ወደ እነሱ አያይም። ራሕማና ምህረት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ብርዱ መጣ።

«ያ የቆረጥሽው» አለች ራሕማ፣ «አሁን የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነው። ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ።»

«ሞቶ ነው?»

«አይ፣ በሕይወት አለ። ያድጋል።»

«ይበላል?»

«ይመገባል። በየሁለት ቀኑ እንሰጠዋለን፤ አሁን እሌኒ የምትባል ጓደኛዬ ናት የምትሰጠው።»

ራሕማ ራሷን ነቀነቀች። «በቅሎዋ ብትሞትስ? እዚህ ብትሞት እዚያ ያለው ይሞታል?»

«አይሞትም። ለብቻው ነው የሚኖረው።»

ምህረት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ታወቃት። ልታስቆመው ፈለገች፤ መንገዱ መሽቷል፣ እማዬ ትጠብቀኛለች፣ ጠዋት አውቶቡስ አለኝ ልትል ፈለገች።

«የሰውም እንዲሁ ይሆናል?» አለች ራሕማ። «ያን ጊዜ፣ ከመሄዷ በፊት፣ ከዙሀራ ጆሮ ላይ ያቺን የምታህል ብትቆርጪላት ኖሮ… አሁን ይኖር ነበር?»

ምህረት ዛሬ አንድ ጊዜ ዋሽታለች። ሁለተኛውም ቀላል ነበር፤ የሰው አይሆንም፣ የሰው ሌላ ነው ማለት ብቻ። ራሕማ ግን ፊቷን ወደ እሷ አዙራ፣ በአዳራሹ ውስጥ ቀና ያላደረገቻቸውን ዓይኖቿን አንስታ እየጠበቀቻት ነበር።

«አዎ» አለች። «ይኖር ነበር።»

ራሕማ አላለቀሰችም። እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ በሚጠፋው ብርሃን አየችው።

«የምትሄድ ለት ጠጉሯን የሠራኋት እኔ ነበርኩ» አለች። «እዚህ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ጆሮዋ እኮ በእጄ ነበር።»